ጭውውቱን አትጨርሱት፦ ከደሴ ለጀማሪ የማኅበረሰብ ድራማ አስተማሪዎች

ቲያትር ተምረው የወጡ፣ ወይም እንዲሁ ፍቅሩ ያደረባቸው ወጣቶች አልፎ አልፎ ቤቴ ድረስ ይመጣሉ። ጥያቄያቸው ተመሳሳይ ነው፦ «ቲቸር፣ ሰፈር ውስጥ ድራማ ማስተማር ሥራ ይሆናል? ከምንስ ይጀመራል?» ለእነሱ በቃል የምነግራቸውን ለሌሎችም ይጠቅማል ብዬ ጻፍኩት። እኔ ጠዋት የአማርኛ መምህርት ነኝ። ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ደግሞ በደሴና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ከወጣቶች፣ ከእናቶችና ከሕፃናት ጋር ድራማ እሠራለሁ። የምናገረው እዚሁ ስለማውቀው ነው፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው ሌላ ነገር አይቶ ሊሆን ይችላል።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት በኪነት በር ነው። በደርግ ዘመን ቀበሌዎች የየራሳቸው የኪነት ቡድን ነበራቸው። እኛ ሰፈርም ማታ ማታ ከአዳራሹ ከበሮና አኮርዲዮን ሲሰማ ሕፃናቱ መስኮት ላይ ተንጠልጥለን እናይ ነበር፤ ትንሽ ከፍ ስል እኔም ተቀላቀልኩ። ዘፈኑም ድራማውም የዘመኑን መፈክር የተሸከመ ነበር። ቢሆንም አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ያለ ማይክ መናገርን፣ በሰዓት መገኘትን፣ አብሮኝ የሚጫወተውን ሰው አድምጬ መመለስን የተማርኩት እዚያ ነው። ትልልቆቹ ወሎ ባህል አምባ ሲጫወቱ ማየትም ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነበር። እናቴ ግን «ልጄን አዝማሪ ሊያደርጓት ነው» ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አልቅሳለች።

ይህ ንግግር ዛሬም ከአንዳንድ ቤት አልወጣም። ዘመናዊ ቲያትር በሀገራችን ሲጀመር የሴቶቹን ገፀ ባህሪ ሳይቀር ወንዶች ይጫወቱ ነበር። ሴት ልጁን ለድራማ ጥናት የሚልክ አባት ከዚያ ሁሉ ዘመን ልማድ ጋር እየታገለ ነውና፣ ሲያመነታ ስታዩት ኋላ ቀር ነው ብላችሁ አትፍረዱበት።

ዛሬ የማስተምርበትን መንገድ ያስያዘኝ ግን ኪነት ሳይሆን የኤች አይ ቪ ዘመን ነው። ኮምቦልቻ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ የጭነት መኪና ሾፌሮች የሚያድሩባት ከተማ በመሆኗ በሽታው ቶሎ ገባ። በየትምህርት ቤቱ ፀረ ኤድስ ክበብ ተቋቋመ፣ በየቀበሌው የወጣት ቡድን ተመሠረተ፣ ገንዘብ የሚሰጡ ድርጅቶች መጡ። የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ «የድራማው መልእክት ምንድን ነው?» የሚል ነበር። ስለዚህ ሁሉም ጭውውት አንድ መልክ ያዘ። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር መጠጥ ቤት ይገባል፣ ቀጥሎ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ከዚያ አልጋ ላይ ሆኖ ሲያስል ይታያል፣ ይሞታል። በመጨረሻ አንድ ሰው ወደ መድረኩ ጫፍ ወጥቶ «ከዚህ ምን እንማራለን?» ብሎ ራሱ ይመልሳል። ሕዝቡ ያለቅሳል፣ ያጨበጭባል፣ ይበተናል።

በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ጤና ጣቢያዎቹ ሰዎች እንዲመረመሩ ቀሰቀሱ። በቡና ጠጡ ፕሮግራም ላይ አንዲት ሴት ያለችውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፦ «ድራማችሁ ላይ የያዘው ሁሉ ይሞት የለ? ታዲያ ለሞት ምን ያስመረምረኛል?» መልእክቱ ደርሷታል፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ደርሷታል። ጊዜው ሲለወጥ ግን ያንን መልእክት ከልቧ ማውጣት የሚችል ሰው አልነበረም። ያን ቀን ማታ ቤቴ ተቀምጬ፣ ለሰው ያለቀ መልስ የሚሰጥ ድራማ ሁለተኛ እንደማልሠራ ወሰንኩ።

ዛሬ የማምንበትን አንድ ነገር ንገሪን ካላችሁኝ ይኸው ነው። የማኅበረሰብ ድራማ አስተማሪ ሥራ መልእክት ማስተላለፍ አይደለም። ሰው ነገ በራሱ ቤት፣ በራሱ አፍ የሚናገረውን ነገር ዛሬ መድረክ ላይ እንዲሞክረው ቦታ ማመቻቸት ነው። ጭውውቱን ችግሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ አቁሙት። መጨረሻው የተመልካቹ ነው።

ለዚህ አሠራር ስም የሰጠው ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል ነው። በላቲን አሜሪካ ከድሆችና ከገበሬዎች ጋር ሲሠራ የቆየ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ያረፈ የቲያትር ሰው ነው፤ ዘዴውም ፎረም ቲያትር ይባላል። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ አጭር ጭውውት ይቀርባል፤ አንድ ሰው ሲበደል ወይም ሲጨንቀው ይታያል፣ ችግሩም ሳይፈታ ያበቃል። ከዚያ አወያዩ ይወጣና «እንደገና እንጀምራለን፤ በዚህ ሰው ቦታ ብትሆኑ የተለየ ነገር የምታደርጉበት ቦታ ላይ ስትደርሱ እጃችሁን አውጡና አቁሙን» ይላል። እጁን ያወጣው ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ የተበዳዩን ቦታ ይይዛል። ሌሎቹ ተዋንያን ገፀ ባህሪያቸውን ሳይለቁ ይመልሱለታል እንጂ እንዲሳካለት ብለው አይሸነፉለትም። እሱ ሲቀመጥ ሌላ ሰው ይሞክራል።

ገጠር ስሄድ ግን የቦአልን ስም አላነሳም፤ «በላ ልበልሃ ነው» እላለሁ። ሽማግሌዎቹ ወዲያው ይገባቸዋል። ከሳሽና ተከሳሽ ዛፍ ጥላ ሥር ቆመው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በግጥምና በምሳሌ ሲሟገቱ፣ መንገደኛ ሳይቀር ቁጭ ብሎ ሲፈርድ የኖረበት ሀገር ነው። ተመልካች በጉዳዩ ይገባል ማለት ለእኛ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነበት ዝም ብሎ ተቀምጦ ማጨብጨቡ ነው።

አንዱን ላሳያችሁ። ሐይቅ አካባቢ፣ ተሁለደሬ ወረዳ ውስጥ፣ ወደ ዓረብ ሀገር ስለሚሄዱ ልጃገረዶች ጭውውት ይዘን ሄድን። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ ከደቡብ ወሎ የሄዱት ብዙ ስለነበሩ ጉዳዩ ለአካባቢው ትኩስ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ለሥራ የሚሄድ ሰው ቢያንስ 8ኛ ክፍል እንዲጨርስ ይጠይቅ ነበርና፣ ጭውውታችን ውስጥ ደላላው የተጭበረበረ የ8ኛ ክፍል ካርድ ይዞ ይመጣል። የልጅቷ ዕድሜም ወረቀት ላይ ወደ 18 ከፍ ብሏል። አባት በሬውን ሊሸጥ ተስማምቷል። ልጅቷ አንድም ቃል አትናገርም። እናት ከመቀነቷ ብር ፈትታ መቁጠር ስትጀምር አቆምነው።

ለረጅም ጊዜ የሚንቀሳቀስ ሰው ጠፋ። በእንዲህ ያለ ጊዜ አወያይ ሆናችሁ ዝምታውን መቻል አለባችሁ፤ በንግግር ልትሞሉት ከሞከራችሁ ሰው አይወጣም። ቆይቶ ከኋላ ልጅ ያዘለች ሴት ተነሣች። የታዘለውን ልጅ ለጎረቤቷ ሰጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ የእናትየውን ቦታ ይዛ ብሩን አልቆጥርም ብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ደላላውን አየችውና «ፓስፖርቷ ማን ዘንድ ነው የሚቀመጠው?» አለችው። ደላላውን የሚጫወተው ልጅ ጎበዝ ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ የሰማውን ነው የሚመልሰው። «አሠሪዋ ዘንድ ነው እንጂ፤ ለደኅንነቷ» አላት። «የአሠሪዋስ ስም? የከተማው ስም?» «ስትደርስ ትደውልልሻለች።» «ባትደውልስ ማን ጋር ነው የምሄደው? አንተ ቤትህ የት ነው?» ልጁ ቃል አጣ፤ ተሰብሳቢው ጮኸ።

ከዚያ አንድ አባት ተነሡና አባትየውን ተክተው ገቡ። እሳቸው ደግሞ ልጅቷን ነው ያናገሯት፦ «አንቺስ ምን ትያለሽ፣ ልጄ?» ልጅቷን የምትጫወተው ተማሪ «ካልሄድኩ ምን እበላለሁ አባባ? እዚህ ምን አለኝ?» ብላ መለሰች። ይህን ያልኳት እኔ አይደለሁም። ድራማው ከዚያ በኋላ ስለ ደላላ መሆኑ ቀረና፣ ቦታው ላይ ለወጣት ምን ሥራ አለ ወደሚል ንግግር ገባ። የወረዳው ሠራተኞችም ተቀምጠው ነበር፤ ሰሙ። እንዲህ ያለውን ነገር በ«ስደት ይቅር» መፈክር የሚያልቅ ጭውውት አያመጣውም።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ልጨምር። በቡድናችን ውስጥ ከዓረብ ሀገር የተመለሰች ልጅ ነበረች። የራሷን ታሪክ እንድትጫወት ድራማውን ያሠራን ድርጅት ጠየቀ፤ እኔ አልፈቀድኩም። የራሱን ቁስል መድረክ ላይ የሚከፍት ሰው ትርኢቱ ካለቀ በኋላ ወደዚያው ሰፈር ነው የሚመለሰው። ታሪኩን ለሌላ ገፀ ባህሪ ስጡት፣ ስሙን ቀይሩት፣ ከሁለት ሦስት ሰው ታሪክ ጋር ቀላቅሉት። እሷ የጎረቤቷን ገፀ ባህሪ ነው የተጫወተችው። ደላላው የሚናገረውን ቃል በሙሉ ያጠናን ግን ከእሷ ነው።

አሁን ወደ ጥናቱ። የሚጀመረው በጽሑፍ አይደለም። ቃለ ተውኔት አባዝታችሁ ካደላችሁ ልጆቹ ወረቀት ማንበብ ይጀምራሉ፣ ማንበብ የማይችሉት እናቶችም ከነጭራሹ ይቀራሉ። እኔ በእንካ ስላንቲያ ነው የምጀምረው። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቆማል፦ «እንካ ስላንቲያ!» «በምንቲያ?» «በቡና!» «ምን አለሽ በቡና?» «ጀበናው ይጣድ እንግዳ መጣና!» ሳያስቡ፣ ሳይቆሙ፣ እየገጠሙ መመለስ አለባቸው። የውጭ አሠልጣኞች በፈጠራ ትወና ስም የሚያሠሩትን ልምምድ የእኛ ልጆች ከብት ሲጠብቁ ጨርሰውታል፤ ችሎታው እንዳላቸው ማሳየት ብቻ ነው የሚቀረው። ለድምፅ ደግሞ አኩኩሉ አለ። አንዱን አዳራሹ ጥግ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቆመዋለሁ፤ «አኩኩሉ!» ሲል ሌሎቹ ከሌላኛው ጥግ «አልነጋም!» ይላሉ። ማን እንደመለሰ በድምፁ ካላወቀው ድምፁ አልደረሰም ማለት ነው። ሞንታርቦ ቢኖርም ያለ ሞንታርቦ አጥኑ። ገጠር መብራት የለም፣ ከተማም ይጠፋል።

ታሪኩ የሚመጣው ከጨዋታው ቀጥሎ ነው። «በዚህ ሳምንት ሰፈራችሁ ውስጥ ሰው ሊናገረው ፈልጎ የዋጠው ነገር ምንድን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ስለ ሰው ሐሜት እንዳይሆን ስም አይጠራም። ከተነሡት አንዱን ይመርጡና ሦስት ትዕይንት አድርገው ይሠሩታል። ጠቅላላው ከሩብ ሰዓት ባይበልጥ እመርጣለሁ፤ ጭውውቱ ሲረዝም ለተመልካቹ የሚቀረው ጊዜ ያጥራል። ክፉው ሰው ሙሉ ክፉ እንዳይሆን ደግሞ ብዙ እንደክማለን። ልጁን ያለ ዕድሜዋ የሚድር አባት ምክንያት አለው፤ ጥሎሽ አለ፣ ዕዳ አለ፣ «ሳትደፈር፣ ስሟ ሳይጠፋ» የሚል ሥጋት አለ። ሕጉ 18 ዓመት ይላል፤ የ1997ቱ የወንጀል ሕግም ያለ ዕድሜ ጋብቻን ያስቀጣል። ያንን አባት መሳቂያ ካደረጋችሁት ግን ተመልካቹ ውስጥ ያለው እውነተኛው አባት ተነሥቶ ይሄዳል። ድራማውን ያዘጋጃችሁት ደግሞ ለእሱ ነበር።

ስለ ፈቃድ ሰው አቅልሎ ያያል። ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ማኅተም ያለበት የድጋፍ ደብዳቤ ሳትይዙ የትም አትሂዱ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሀገራችንን የመጀመሪያ ተውኔት ጽፈው ቤተ መንግሥቱ ተቆጥቶ አሳግዶታል፤ ሥልጣን ያለው ሰው ድራማን የሚፈራው ከጥንት ነው። እኔ ጭውውቱን ከሕዝቡ በፊት ለቀበሌው ሊቀ መንበር፣ ለእድሩ ዳኛና ለሃይማኖት አባቶች አሳያለሁ። አስተያየታቸውን እሰማለሁ፣ የታሪኩን ልብ ግን አልለውጥም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ቃል እንዲለሰልስ ነው፤ ያ ይቻላል። እንዲያውም ቀድመው ያዩ ሽማግሌ ትርኢቱ ቀን ከፊት ተቀምጠው ሌላውን ዝም ያሰኙላችኋል።

ለሴት ልጆች ጥናቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያልቃል። በረመዳን ሰዓቱ ወደ ጠዋት ይዞራል፤ ዓርብ ከጁምዓ በፊት ጥናት የለም፤ ሁዳዴ ላይ የሚጾሙትን ብዙ አላስሮጣቸውም። ሂጃብ የለበሰች ልጅ ከነሂጃቧ ትጫወታለች፤ ገፀ ባህሪዋ ይስተካከላል እንጂ እሷ አትራቆትም። ወላጆችን በወር አንድ ቀን ጥናቱ ላይ ቡና አፍልተን እንጠራለን። ልጅቷ አድራ የማትመጣ መሆኑን፣ ከማን ጋር እንደምትሄድ፣ አስተማሪዋ ማን እንደሆነች በዓይናቸው ሲያዩ ሥጋቱ ይቀንሳል። እናቴን የሚመስሉ እናቶች ብዙ አጋጥመውኛል፤ ሁለቱ ራሳቸው ቡድኑን ተቀላቅለው የአማት ገፀ ባህሪ ሲጫወቱ ከወጣቶቹ ይልቅ እነሱ ናቸው የሚወደዱት።

ገንዘቡስ? ከዚህ ሥራ ብቻ መኖር ከባድ ነው፤ ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ አልወድም። የኤች አይ ቪ ፕሮጀክቶች በነበሩ ጊዜ አበልም ሥልጠናም ነበር። በ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ሲወጣ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሴቶችና በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠሩ ከለከለ። ድራማ የሚያሠሩን አብዛኞቹ እነሱ ስለነበሩ በአንድ ጊዜ ብዙ የወጣት ቡድኖች ፈረሱ። ሕጉ በ2011 ዓ.ም. ተሻሽሏል፤ የተበተኑት ልጆች ግን ባጃጅ ላይ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ዓረብ ሀገር ናቸው። እኛ የተረፍነው ቋሚ ነገራችንን ከፕሮጀክት ስላላወጣነው ነው። አልባሳቱን ልጆቹ በጣሉት እቁብ ገዛን፣ አግዳሚ ወንበሩና ድንኳኑ የእድር ነው፣ አዳራሹን የምናገኘው እያጸዳን ነው። ስለዚህ የቀን ሥራችሁን አትልቀቁ። መምህርነት፣ ለኤፍ ኤም ጣቢያ አጫጭር ድራማ መጻፍ፣ የበዓል መድረክ መምራት ኑሮውን ይደግፋል። ከድርጅት ጋር ስትሠሩ የትራንስፖርቱን፣ የልጆቹን ምሳና የክፍያውን ቀን በጽሑፍ አድርጉ፤ ግማሹንም ከጉዞው በፊት ጠይቁ። አንድ ድርጅት የሁለት ወረዳ ጉዞ አሠርቶን፣ ፎቶውን ለሪፖርት ወስዶ፣ ክፍያውን ሳይሰጠን ቢሮውን ዘግቶ ሄዷል። ልጆቹ የታክሲ የተበደሩትን መክፈል የነበረብን እኛ ነን።

በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከሰሜን ወሎ ያፈናቀላቸው ወገኖች ደሴ ሲገቡ ትምህርት ቤቶቻችን መጠለያ ሆኑ። ሕፃናቱን እንድናጫውት ተጠራን። በዚያ ጊዜ የተማርኩትን ለማንም አስተማሪ መንገር እፈልጋለሁ፦ ያዩትን እንዲጫወቱ አታድርጉ። ካሜራ የያዙ እንግዶች «የደረሰባቸውን በድራማ ያሳዩን» ይላሉ፤ እምቢ በሉ። እኛ ተረት ነው የሠራነው። «ተረት ተረት» «የላም በረት» ብለን፣ ጅብና አህያ፣ ጦጣና አንበሳ ሆነን። አንድ ልጅ ለብዙ ቀን ምንም አልተናገረም፤ አህያ እንዲሆን ሲፈቀድለት ጮኾ አናፋ። ከዚያ ሳቀ፤ ሌሎቹም ሳቁ። ከዚህ በላይ ልነካው አልሞከርኩም። ሕመሙ የጠና ልጅ ሲያጋጥማችሁ ወደ ጤና ባለሙያ ላኩ፤ ድራማ ሕክምናን አይተካም።

ሌላው ብዙዎች የሚዘሉት ነገር ተመልሶ መሄድ ነው። ትርኢቱ ካለቀ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያለ አልባሳት፣ ያለ ባነር፣ ሁለት ሆነን ወደዚያው ቀበሌ እንመለሳለን። ቡና እንጠጣለን፣ ምን እንደተነጋገሩ እንጠይቃለን። መድረክ ላይ የወጣችውን ሴት ሰው ተቆጥቷት እንደሆነ፣ ባሏ ምን እንዳላት፣ ደላላውን ሆኖ የተጫወተውን ልጅ መንገድ ላይ ያስፈራራው ሰው እንዳለ የሚሰማው ያኔ ነው። ችግር ካለ ከእድሩ ዳኛና ከሴቶች ጉዳይ ጋር ቁጭ ብለን እንጨርሳለን። ትርኢት አቅርቦ መሄድ ብቻ ሰውን ለብቻው አጋልጦ መተው ነው።

ተሁለደሬ ስንመለስ ሴቶቹ ስለ ስደት ማውራት አልፈለጉም። ልጆቹ የሚሄዱት የአራጣ ዕዳ ለመክፈል ነው፤ ስለ አራጣው ሥሩልን አሉን። አበዳሪው ደግሞ ሩቅ ሰው አይደለም፤ ሠርግና ለቅሶ አብሯቸው የሚቀመጥ ጎረቤት ነው። አሁን የያዝነው ጭውውት ስለዚሁ አራጣ ነው። ከእነሱ መካከል ሦስቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ደሴ እየመጡ ትዕይንቱን አብረውን ያወጣሉ፤ የአበዳሪውን ቦታ የሚጫወት ሰው ግን እስካሁን እየፈለግን ነው።